ክሪኩ ይደግፍ እንጂ አይሸከም

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የገዛ እጄ ነው። ባለፈው ነሐሴ ሁለት ቤተሰብ ሆነን ትሬለር ተከራይተን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለው ሸናንዶዋ ፓርክ ወጥተን ነበር። የደረስንበት ቦታ ተዳፋት ሆነና ወዳጄ «ጋሼ፣ ምን ያደክምሃል?» ብሎ በባትሪ የሚሠራ ድሪል አቀበለኝ። ባለ 3/4 ኢንች ቡሶላ ገጥሜ የኋላውን ክሪክ አወረድኩ። እግሩ መሬት ሲነካ ማቆም ሲገባኝ፣ ዝቅ ያለውን ጎን ላነሳ ብዬ ቀጠልኩ። ክሪኩ ያዘ፤ ድሪሉ ግን አላቆመም፣ እጄን ይዞ ዞረ። የእጄ አንጓ ተጠምዝዞ ሁለት ሳምንት ታክሲ ሳልነዳ ተቀመጥኩ። የቤት ኪራዩ ግን አልተቀመጠም። የትሬለሩም በር ከዚያ በኋላ አልገጥም አለ።

ይህን የሰሙ ሁሉ «ድሪሉን ተወው» ይሉኛል። እኔ አልስማማም። የሌሊት ሥራ ውሎ የመጣ ሰው በአራቱም ማዕዘን ተንበርክኮ በእጅ ሲያዞር ይምሽ ማለት ፍርድ አይደለም። ጥፋቱ ክሪኩን ያልተፈጠረበትን ሥራ ማዘዝ ነው። እነዚያ እንደ መቀስ የሚታጠፉ ክሪኮች ትሬለሩ እንዳይወዛወዝ ይደግፋሉ እንጂ ክብደቱን አያነሱም። ሲገደዱ ይጎብጣሉ፣ ሻንሲውንም ያጣምማሉ። በእጅ ሲዞር ክብደቱ መምጣቱን ክንድ ይናገራል፤ ድሪል ይህን ይደብቃል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ግራና ቀኙ በውኃ ልክ እየታየ፣ ዝቅ ባለው በኩል ጎማው ጣውላ ላይ ይወጣል። ጎማዎቹ ታኮ ይደረግላቸዋል። ከዚያ ትሬለሩ ከመኪናው ይፈታና፣ ፊትና ኋላው በመጎተቻው ክሪክ ይስተካከላል። አራቱ ክሪኮች የሚወርዱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ድሪሉ ጉልበቱ ዝቅ ተደርጎ እስከ መሬት ያድርስ፤ የመጨረሻዋን ማጥበቅ በእጅ። ከትሬለሩ ሥር ግን ማንም አይግባ።

እየደበደበ የሚያጠብቀውን ኢምፓክት የሚባለውን እኔ አልደግፍም። ለማጥበቅ አይመጥንም፤ ጩኸቱም የጎረቤትን ሕፃን ይቀሰቅሳል።

ያከራየን ሰው ያስፈረመን ውል ስለ ጉዳት ክፍያ ብዙ ገጽ አለው፤ ስለ ክሪኩ አንድ መስመር የለውም። ከእኛም መካከል ትሬለር የሚያከራዩ ካሉ፣ ይህችን ነገር በአማርኛ ጽፈው በሩ ላይ ቢለጥፉልን ምን ይጎዳቸዋል?