ሙሴ ኢልግ እና የቀፊራው ጡረተኛ

አንባቢዬ ሆይ፤ ባለፈው ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ወርጄ ሳለሁ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አግኝተው፥ «መምህር፥ ይህን ሐዲድ ለአገራችን መጀመሪያ ያሰበው ማነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ምኒልክ ናቸው» ብዬ ልገላገል አሰብሁ። ዳሩ ግን ዕድሜውን ሎኮሞቲቭ ሲጠግን የጨረሰ ሰው በእንዲህ ያለ አጭር መልስ አይሸኝም።

ሰውየው ሙሴ ኢልግ ይባላል፤ አልፍሬድ ኢልግ። እ.ኤ.አ. በ1854 በስዊስ አገር በፍራውንፌልድ ተወልዶ፥ በዙሪክ ምሕንድስና ተምሮ፥ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ምኒልክ መጣ። ዕድሜው ሃያ አምስት ገደማ ነበር፤ የእኔን ያህል ማለት ነው። ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሰፋ ነው ይባላል። ጫማው ደስ ቢያሰኛቸው ጠመንጃ ሥራልኝ አሉት። ዲፕሎማችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን «ይህስ የእኔ ሥራ አይደለም» የምንል ሰዎች ብንሆን ኖሮ ምን እንል ነበር?

በኋላ ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አመጣ። ውሃ ሽቅብ ይወጣል ቢባል ማን ይመን! ፊዚክስ የምትማር ወንድሜ ግን ምሥጢሩ አይጠፋህም፤ ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ እስከ ሆነ ድረስ በቧንቧ የተዘጋ ውሃ ወደ ሸለቆ ወርዶ ተመልሶ ይወጣል።

በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ምኒልክ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡት። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። አሳቡ ሐረር ለመድረስ ነበር፤ ነገር ግን ያን ተራራ መውጣት ካዝና የሚያራቁት ስለ ሆነ ሐዲዱ ከሥሩ ቀረ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። እንግዲህ ከተማችንን የወለዳት የተራራ ፍርሃት ነው። ከደቻቱ ማዶ ከዚራ በመሐንዲስ ማስመሪያ ተሠመረ፤ ቀፊራን ግን ነጋዴው በፈቀደው መንገድ አሳደጋት።

አንድ ነገር አልወድለትም። ከ1889 ዓ.ም. ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪ ሆኖ ሳለ፥ በዚያው የባቡሩ ፈቃድ ባለቤት ነበረ። ወንበርና ጥቅም በአንድ እጅ ሲያዙ ምን እንደሚመጣ በየቢሮው የተቀመጣችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ኩባንያውም ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፤ ኢልግም ሃያ ሰባት ዓመት ያህል አገልግሎ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው ጡረተኛው ዝም ብለው ሰሙና፥ «አግብቶ ነበር? ልጆችስ?» አሉኝ።

«አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ፋኒ የምትባል የዙሪክ ልጅ አግብቶ አዲስ አበባ አመጣት፤ ልጆችም ወለዱ» አልኋቸው። «ዙሪክ ላይ የሞተው እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 1916 ነው፤ በእኛ የ1908 ዓ.ም. የገና ዕለት። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው።»

«ሳያየው!» አሉ ጡረተኛው፤ የሽንኩርቱንም ከረጢት ከእጄ ተቀብለው እስከ ገበያው በር ድረስ ሸኙኝ።