አምቡላንሱስ መጣ፤ ማስታገሻውስ?

እግሩ የተሰበረ ሰው ሲያቃስት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በአገራችን የሚሰጠው መልስ ያው የታወቀው ነው፤ «አይዞህ፣ ቻል፣ አሁን እንደርሳለን!» መንገዱ ደግሞ ኮረኮንች ነው፤ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። ይህም አምቡላንስ ላገኘ ዕድለኛ ነው። ብዙው ቁስለኛ በታክሲ የኋላ ወንበር ተጣጥፎ ሆስፒታል እንደሚደርስ ማን ያጣዋል?

ባለሥልጣኖቻችን አምቡላንስ መግዛት ይወዳሉ። መኪና ይታያላ! ተደርድሮ ፎቶ ይነሳል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ለማስታገሻ ብልቃጥ ግን ሪባን የሚቆርጥ የለም።

ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል? እንግሊዝ ውስጥ የአምቡላንስ ባለሙያው ናይትረስ ኦክሳይድና ኦክስጅን እኩል የተቀላቀለበትን ጋዝ ሕመምተኛው ራሱ ይዞ እንዲስብ ይሰጠዋል። አውስትራሊያዎች ሜቶክሲፍሉሬን የሚሳብባት አረንጓዴ «ፊሽካ» አለቻቸው። እነዚህ የሲሊንደርና የውጭ ምንዛሪ ጣጣ አለባቸው እንበልና እንለፋቸው።

ኬታሚንስ? ለሐኪሞቻችን እንግዳ አይደለም፤ በቀዶ ጥገና ክፍል ሲሠሩበት ኖረዋል። በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ ሰውየውን ሳያስተኛ ሕመሙን ይቀንሳል። እንደ ሞርፊን ትንፋሽ አያዳክምም፣ የደም ግፊትም በቀላሉ አይጥልም፤ ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማቃዠቱና ማስመለሱ አይካድም። ስለዚህ መጠኑን የሚያውቅና ሕመምተኛውን ከዓይኑ የማያርቅ የሠለጠነ ሰው ከኋላ መቀመጥ አለበት። ሾፌር ብቻውን ልኮ «አምቡላንስ ልከናል» ማለት ምን የሚሉት ፌዝ ነው?

የሞርፊኑማ ነገር አይነሳ! እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የዓለም የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት ገና በመግቢያው እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን ይናገራል። የሚነበበው ግን ክልከላው ብቻ ነው። በ2017 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ጥናት እንዳሰላው፣ በዓመት ለዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን የሞርፊን አቻ መድኃኒት ለድሆች አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነው። ሱሰኛ እንዳይፈጠር ተብሎ ጭኑ የተሰበረ ገበሬ ይጮኻል!

«ማስታገሻ ከሰጣችሁት የሆዱ በሽታ ይደበቅብናል» የሚሉም አሉ። የቆየ አባባል ነው፤ ጥናቶች አልደገፉትም።

ለመሆኑ ስብራቱን በጣውላ ደግፎ ማሰርስ ምንዛሪ ይጠይቃል? ወጌሻዎቻችን በሸምበቆ ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ እሱ ራሱ ሕመሙን ያበርደዋል። የጤና ሹማምንት ሆይ፣ የሚቀጥለውን አምቡላንስ ስታስመርቁ እባካችሁ የኋላ በሩን ክፈቱና ውስጡን አሳዩን።