ለእሳት የተሠራውን በመዝገብ ማኖር

በኩባ ምዕራባዊ ክፍል፣ ፒናር ዴል ሪዮ በሚባለው አውራጃ፣ ቩዌልታ አባሆ ተብሎ በሚጠራው ቀይ አፈር ላይ የበቀለ የትምባሆ ቅጠል፣ በሃቫና ከተማ በሰው እጅ ተጠቅልሎ ሲጋር ከሆነ፣ ከዚያም በአንድ ሰው ቤት በሳጥን ውስጥ 20 ወይም 30 ዓመት ከተቀመጠ በኋላ፣ የሳጥኑ ባለቤት ሊያደርግ የሚገባው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ መልሴ አጭር ነው፤ አውጥቶ ያጭሰው። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት፣ በዘመናችን አሮጌውን የሃቫና ሲጋር ገዝቶ ማኖር እንደ ወርቅ የሀብት ማካበቻ እየሆነ ስለ መጣ ነው፤ ሳጥኑ ሳይከፈት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፣ በተላለፈም ቍጥር ዋጋው ይወጣል፣ ቅጠሉን ያበቀለውና የጠቀለለው ሰው የደከመለት ግብር ግን ሳይፈጸም ይቀራል። እኔ ይህን እንደ በደል እቈጥረዋለሁ፤ ለምን እንደ በደል እንደምቈጥረውም፣ አንባቢ ቢታገሠኝ፣ ከሥራው ጀምሬ ላስረዳ።

ችግኙ በጥቅምትና በኅዳር ግድም ከመደብ ወደ እርሻ ከተዛወረ በኋላ፣ ቅጠሉ የሚሰበሰበው እንደ ሌላው አዝመራ በአንድ ጊዜ ታጭዶ ሳይሆን፣ ከግርጌ ወደ ራስ፣ ቀናት እየተለያዩ፣ አንድ በአንድ በእጅ እየተቀጠፈ ነው። ከታችኛው ቅጠል እሳትን አያይዞ የሚያቆየው ቮላዶ፣ ከመካከለኛው መዓዛን የሚሰጠው ሴኮ፣ ፀሓይን አብዝቶ ከሚቀበለው ከላይኛው ደግሞ ኀይልን የሚሰጠው ሊሄሮ ይገኛልና፤ ለውጭው ልብስ የሚሆነው ቅጠል ግን ስስና ለስላሳ እንዲሆን በሻሽ ድንኳን ከፀሓይ ተጋርዶ ያድጋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የትዕግሥት ሥራ ነው። ቅጠሉ በጎተራ ተሰቅሎ ይደርቃል፣ ተከምሮ በራሱ ሙቀት ይብላላል፣ ተበትኖ እንደ ገና ይከመራል፣ በመጨረሻም በዘምባባ ቅርፊት ታሽጎ ይቀመጣል፤ ኀይለኛው ሊሄሮ ከዕቃ ቤት የሚወጣው ቢያንስ ከ2 ዓመት በኋላ ነው። ጠቅላዩም የሚሠራው በአንዲት የእንጨት ገበታ፣ ቻቬታ በምትባል ቈልማማ ስለትና በጥቂት የተክል ሙጫ ነው፤ የቀረው ጣቶቹ የሚያውቁት ጥበብ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ጠቅላዮቹ በሚሠሩበት አዳራሽ የሚሰማው ድምፅ ነው። በ1865 (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) በሃቫና ኤል ፊጋሮ የተባለው ፋብሪካ ሠራተኞች፣ እነርሱ ሲጠቀልሉ ከመካከላቸው አንዱ መጽሐፍና ጋዜጣ እንዲያነብላቸው፣ በማንበቡ የሚያጣውን የቀን ዋጋም ከየኪሳቸው አዋጥተው እንዲከፍሉት ተስማሙ። ሳቱርኒኖ ማርቲኔዝ የሚባለው የትምባሆ ሠራተኛም በዚያው ዓመት ላ አውሮራ የተባለውን የሠራተኞች ጋዜጣ አቋቋመ። ፊደል ያልቈጠረው ሠራተኛ በጆሮው ተማረ፤ የተማረም ሰው መጠየቅ ጀመረ፤ ስለዚህ የስፔን ቅኝ ገዥ መንግሥት በ1866 ንባቡን ከለከለ። ክልከላው ግን አልጸናም፤ አንባቢው በቤተ ክርስቲያን እንደ አናጉንስጢስ የታወቀ መዓርግና የታወቀ መንበር ያለው ሰው ሆኖ፣ በኩባ ፋብሪካዎች እስከ ዛሬ ድረስ ዘልቋል። በ1935 የተመሠረተው ሞንቴክሪስቶ የተባለው ሲጋር እንኳ ስሙን ያገኘው ጠቅላዮቹ ሲነበብላቸው ደስ ይላቸው ከነበረው ከአሌክሳንደር ዱማ ልብ ወለድ ነው ይባላል። ባሕሩን ተሻግረው በፍሎሪዳ ታምፓ ከተማ የሠፈሩት ጠቅላዮች ይህንኑ ልማድ ይዘው ሄደው ነበር፤ በዚያ ግን በ1931 ባለፋብሪካዎቹ አንባቢዎቹን አስወጥተው በስፍራቸው ራዲዮ አቆሙ። ገንዘባቸውን አዋጥተው ዕውቀትን የገዙ ሰዎችን ከገዙት ነገር መለየት፣ ከማናቸውም የደመወዝ ቅነሳ የከፋ ግፍ ይመስለኛል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ሲጋር በእጄ በያዝሁ ጊዜ፣ ይህ ሲጠቀለል በአዳራሹ ምን ይነበብ ነበር ብዬ ሳልጠይቅ አልቀርም።

የቆየውን ሲጋር ብርቅ ያደረገው ታዲያ ይህ ጥበብ ብቻ አይደለም፤ የመንግሥታት ጠብም ነው። በ1960 የኩባ አብዮት ፋብሪካዎቹን ወረሰ፣ ባለቤቶቹም ተሰደዱ፤ በየካቲት 1962 ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በኩባ ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ። ቃል አቀባዩ ፒየር ሳሊንጀር በኋላ እንደ ተረከው፣ ፕሬዚዳንቱ አዋጁን ከመፈረሙ በፊት 1,000 ፔቲ ኡፕማን ሲጋር እንዲፈልግለት አዘዘው፤ በማግሥቱም ሳሊንጀር 1,200 ማግኘቱን ሲነግረው፣ ያን ጊዜ ወረቀቱን አውጥቶ ፈረመ። ከማዕቀቡ በፊት የተሠራው ሲጋር በአሜሪካ እንደ ቅርስ መፈለግ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የሲጋር ነጋዴው የዚኖ ዳቪዶፍም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከኩባ ጋር ተጣልቶ ስለ ተለያየ፣ በ1990ዎቹ መባቻ በስሙ በሃቫና የሚጠቀለለው ሲጋር ቆመ፣ የቀረውም ወዲያው ብርቅ ሆነ። እንግዲህ ብርቅነት ለሲጋሩ የተሰጠ ጸጋ ሳይሆን ከውጭ የደረሰበት ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ዋጋ የሚቈልል ሰው ቅጠሉን ሳይሆን ጠቡን ይሸጣል።

ዕድሜ በእውነት የሚሰጠው ነገር ግን አለ። በአዲስ ሲጋር ውስጥ ከመብላላቱ የተረፈው አሞንያ ምላስን ይቈነጥጣል፤ ዓመታት ሲያልፉ ይህ ተኖ ይጠፋል፣ የቅጠሉ ምሬት ይለዝባል፣ ለየብቻቸው ይሰሙ የነበሩት ጣዕሞችም ይዋሐዳሉ። ይህ የሚሆነው ግን በጠባቂው ትጋት ነው። ሳጥኑ ሴድሮ ከሚባለው መዓዛማ እንጨት የተሠራ፣ እርጥበቱ ከመቶ ከ65 እስከ 70፣ ሙቀቱም ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሊሆን ይገባል፤ ሙቀቱ 25ን አልፎ የቆየ እንደ ሆነ የትምባሆ ነቀዝ እንቍላል ይፈለፈልና ሲጋሩን እየበሳ ዱቄት ያደርገዋል። ነቀዙ ባይነካውም እንኳ ዘለዓለማዊ አይደለም፤ ከልክ በላይ የተቀመጠ ሲጋር ዘይቱ ደርቆ፣ መዓዛው ሸሽቶ፣ ጢስ ብቻ የሚወጣው ባዶ ቅጠል ይሆናል። ሰብሳቢው ዋጋ ሲጠብቅ፣ ዋጋ ያሰጠው ነገር ከውስጥ እያለቀ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ በሺህ እየተቈጠሩ ወደ ኩባ የወጣቶች ደሴት ለትምህርት ከተላኩት ሕፃናት አንዱ የነበረ ወዳጅ አለኝ፤ ይህ ሰው ፓርታጋስ ሉሲታኒያ የተባለ ሲጋር አንድ ሳጥን ሰጥቶኛል። የሳጥኑን ግርጌ ብትገለብጡት ኦ፣ ኤል፣ ኤስ፣ ቪ የሚሉ አራት የላቲን ፊደላት ታትመውበታል፤ በዚያን ዘመን ፋብሪካዎቹ ኒቬል አኩሶ የሚሉትን የሁለት ቃላት አሥር ፊደላት በአሥሩ ቍጥሮች ፈንታ ይጠቀሙ ነበርና፣ ትርጓሜው 05 93፣ ማለት ግንቦት 1993 ነው። የሲጋሩ ርዝመት 194 ሚሊሜትር ስለ ሆነ አንዱን ለመጨረስ 2 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ራሱን በስለት በስሱ ቈርጠን፣ የቤንዚን ሽታ እንዳይነካው በክብሪት፣ ያውም የድኙ ሽታ እስኪያልፍ ጠብቀን፣ እግሩን ዙሪያውን እያዞርን እንለኵሳለን። መጀመሪያ የደረቀ እንጨት፣ ወደ መካከሉ የተቈላ ቡናና የቆዳ መዓዛ፣ ሲጋመስም ስሙን ላገኝለት ያልቻልሁት አንድ ጣፋጭነት ይመጣል፤ አመዱ ነጭና ጠንካራ ሆኖ ሦስት ጣት ያህል ሳይረግፍ ይቆያል። የፋብሪካውንም ሥርዐት ተከትለን እርሱ ሲያጨስ እኔ አነብለታለሁ፣ እኔ ሳጨስ እርሱ ያነብልኛል፤ በስፓኒሽ ያነበበውን ወደ አማርኛ እየመለሰ። ይህን የምናደርገው በዓመት አንድ ጊዜ ቢበዛም ሁለት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ እንደ ሆነ ልማድ ይሆናል፣ ልማድም ጣዕምን ያጠፋል።

የቤተ ክርስቲያን አባቶቻችን ትምባሆን አጥብቀው እንደሚያወግዙ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በሚያጨሰው ላይ ብርቱ ቅጣት እንደ ደነገጉ አውቃለሁ፤ ተግሣጻቸውን አቃልዬ አልጽፍም። የሕክምና ሊቃውንትም የሲጋር ጢስ ወደ ሳንባ ባይሳብ እንኳ የአፍንና የጕሮሮን ነቀርሳ እንደሚያመጣ አረጋግጠዋል፤ ጕዳት የሌለበት ትምባሆ የለም። ስለዚህ ያላጨሰ ወጣት በእኔ ጽሑፍ ምክንያት እንዲጀምር አልሻም፤ በአገራችን አዋጅ ቍጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው) የሕዝብ መሰብሰቢያ በሆነ ቤት ውስጥ ማጨስ መከልከሉንም በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ ሌላው ሰው ያልፈቀደውን ጢስ ሊተነፍስ አይገባውምና። ነገሬ ሳጥኑ አስቀድሞ በእጁ ላለ ሰው ነው።

በሃቫና በየዓመቱ በሚደረገው የሲጋር በዓል መዝጊያ ሌሊት ያጌጡ ሳጥኖች በሐራጅ ይሸጣሉ፤ በ2020 ኮሂባ የተባለው ሲጋር አንዱ ሳጥን 2.4 ሚሊዮን ዩሮ አውጥቷል። ገንዘቡ ለኩባ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ስለሚውል ሐራጁን አልነቅፍም፤ በዚያ ገንዘብ መድኃኒት የሚገዛለት በሽተኛ አለ። የምጠይቀው ስለ ገዢው ነው። ያን ሳጥን ለሌላ ገዢ ሊሸጥ ቈልፎ ያኖረው እንደ ሆነ፣ ቀን ሙሉ በገበታ ላይ ተጐንብሰው፣ ንባብ እየሰሙ ቅጠል በቅጠል ያስተካከሉት እጆች ሥራቸው ተቀባይ አጣ ማለት ነው፤ ሲጋር ጠቅላይ ከድካሙ የሚተርፍለት ክብር፣ አንድ የማያውቀው ሰው በሩቅ አገር ሲስበው እሳቱ ሳይጣመም፣ ጢሱ ሳይታፈን እኩል መንደዱ ነውና።

የእኔንም ሳጥን ልግዛህ ያሉኝ ሰዎች አልጠፉም፤ የሰጡኝም ዋጋ ደኅና ነበር። ልጆቼ አያጨሱም፣ እንዲያጨሱም አልፈልግም፤ ስለዚህ የተረፈው ለወዳጄ እንዲመለስ፣ እርሱ ቀድሞኝ ቢያርፍም ከእርሱ ጋር በኩባ ተምረው ለተመለሱት ጓደኞቹ እንዲከፋፈል፣ ለሽያጭ ግን ከቶ እንዳይቀርብ በኑዛዜዬ አስፍሬአለሁ።