የማስታወክ መከላከያ መድኃኒት በግምት አይወሰድ

በኬሞቴራፒ ላይ ያሉ የካንሰር ሕሙማን የሚወስዱት የማቅለሽለሽና የማስታወክ መከላከያ መድኃኒት እንደ ዋናው ሕክምና ሁሉ የሐኪም ክትትል ያሻዋል።

አንደኛ፣ ሰዓቱ ወሳኝ ነው፤ ለምሳሌ ኦንዳንሴትሮን የተባለው የማስታወክ መከላከያ ኬሞቴራፒው ከመሰጠቱ በፊት የሚወሰድ እንጂ ትውከት እስኪጀምር የሚጠበቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ መድኃኒቶቹ የጎንዮሽ ጉዳት አላቸው፤ ኦንዳንሴትሮን ሆድ ያደርቃል፣ የልብ ምትንም ሊያዛባ ይችላል፤ ዴክሳሜታሶን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ሜቶክሎፕራማይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከቁጥጥር ውጪ የሆነ የሰውነት እንቅስቃሴ ሊያስከትል ይችላል። ሦስተኛ፣ ያልተገታ ትውከት የሰውነትን ፈሳሽ ያሟጥጣል፤ ሕሙማን ሕክምናቸውን እንዲያቋርጡም ይገፋፋል።

ስለዚህ ሕሙማንና አስታማሚዎች ያለ ማዘዣ መድኃኒት ከመግዛት ይቆጠቡ፤ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ካለም አስቀድመው ለሐኪም ይንገሩ። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ መጠኑንና ሰዓቱን በግልጽ ጽፈው ይስጡ። ማስታወክን መከላከል የካንሰር ሕክምናው አካል ነው፤ በግምት ሊሠራ አይገባም።