ለካሜራው ሺህ፣ ለማንገቻው ሳንቲም

በጋሉስ የአበሻ ሰርግ ወይም ክርስትና ሲኖር ካሜራ አንግቶ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቆም አንድ ወገን አይጠፋም። ለካሜራውና ለሌንሱ ከሺህ ዩሮ በላይ አውጥቷል። ማንገቻው ግን ከካርቶኑ ጋር የመጣው ቀጭን ጨርቅ ነው። አንገቱን ይቆርጠዋል፤ በላዩ በትልቁ የተጻፈው የፋብሪካ ስም ደግሞ በጋሉስቫርተ ባቡር ጣቢያ ግፊያ መሐል ለሌባ ይለፍፍለታል።

«ወንድ ልጅ በዚህ አያማርርም» የሚሉ አሉ። ከፍራንክፈርት ብዙም በማይርቀው በቬትስላር፣ ኦስካር ባርናክ በ1914 እ.ኤ.አ. ገደማ ትንሿን ላይካ የፈለሰፈው አስም ይዞት ከባዱን ካሜራ መሸከም ስላቃተው ነው። በ1925 ለገበያ ከወጣች በኋላ ብዙ ጋዜጠኞች ተጠቀሙባት።

እንግዲህ ማንገቻ ሲገዛ ሰፋ ያለ፣ የማያንሸራትት፣ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ወገን ዳሌ በአግድም የሚወርድ ይመረጥ። ክብደቱ ከአንገት ይነሣል፤ ነጥቆ መሮጥም አይቀልም። ለሰላማዊ ሰልፍ ግን በአንድ እጅ ቶሎ የሚፈታ ይሁን፤ ግፊያ ሲመጣ ማንገቻ ማነቂያ ይሆናልና።

ረጅም ሌንስ ሲገጠም ከካሜራው ሳይሆን ከሌንሱ መያዣ ቀለበት ይታሰር። ከካሜራው ሥር በብሎን የሚጠመዘዘው ዓይነት በእርምጃ ብዛት ይላላል፤ ከቤት ሲወጣም በግብዣው መሐልም ጠበቅ ማድረግ ነው። የጨርቁ ጫፍ በዘለበቱ ተመልሶ መግባቱም ይታይ።

ዋጋው ለሁለት ሰው ከሚቀርብ በየዓይነቱ ብዙም አይበልጥም። ካሜራው ከወደቀ የሙሽሮቹ ፎቶግራፍም አብሮ ሊቀር ይችላል፤ ሰርጉ ደግሞ አይደገምም።