ዛፉ መቼ ይነሳ?

የገና ዛፍን ከፈረንጅ ስንዋስ መትከሉን እንጂ ማንሳቱን አልተዋስንም። የአዲስ አበባ ሆቴሎች ታኅሣሥ ሳይጋመስ ያቆሙታል። ታኅሣሥ 16 የፈረንጆቹ በዓል ያልፋል፤ ታኅሣሥ 29 የእኛው ይመጣል፣ ያልፋል። ዛፉ ግን አለ። በአንዳንድ ካፌ ውስጥማ ሁዳዴ ገብቶ፣ እኛ የጾም ፍርፍር እየጎረስን፣ ቀዩን የለበሰው ሽማግሌ ከጥግ ሆኖ ይስቅብናል።

የሰፈራችንን ካፌ ባለቤት፣ «እትዬ፣ ይሄ ዛፍ አይነሳም እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን አደረገህ ልጄ? ቤቱን አሞቀልኝ እንጂ።»

እውነት አላቸው፤ ምንም አላደረገኝም። ቢሆንም በዓል የሚያምረው መጥቶ ሲሄድ ይመስለኛል። ዓመቱን ሙሉ የሚንቦገቦግ መብራት ከርሞ ገና ሲደርስ ለማን ብርቅ ይሆናል?

በፈረንጅ አገር ግን ማንሳቱ ቀን አለው። እንግሊዞች በጥምቀታቸው ዋዜማ፣ ጃንዋሪ 5 ማታ ያወርዱታል። በማግስቱ፣ በጥምቀቱ ዕለት የሚያወርዱም አሉ። ከዚያ ያሳለፈ ሰው ዓመቱን ገዱ ይከፋል ይባላል። ድሮማ እስከ ፌብሩዋሪ 2 የሚያቆዩ ነበሩ። የሚያስቀኑኝ ግን ስዊድኖች ናቸው። ጃንዋሪ 13፣ የቅዱስ ክኑት ቀን፣ ልጆች ተሰብስበው በዛፉ ዙሪያ ይጨፍራሉ፤ የተንጠለጠለውን ጣፋጭ እየለቀሙ ይበላሉ፤ ከዚያ ዛፉ ወደ ውጭ! ማፍረሱም ድግስ ሆነላቸው።

እኛስ? ቀኑ በእጃችን አለ። ከልደት እስከ ጥምቀት የእነሱ ከዲሴምበር 25 እስከ ጃንዋሪ 6፣ 12 ቀን ነው። የእኛም ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ብትቆጥሩት ያው 12 ነው (በዘመነ ዮሐንስ ገና በ28 ስለሚውል አንድ ቀን ይጨምራል)። እንግሊዞች ዛፋቸውን የሚያወርዱባት የጥምቀት ዋዜማ በእኛ በዓል ጥር 10 ላይ ትውላለች፤ ከተራ ማለት ናት።

ድሮ ይህ ሁሉ ሒሳብ አያስፈልግም ነበር። የጥድ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ይመጣል፤ ጥጥ በበረዶ ፈንታ ጣል ጣል ይደረግበታል። ጥቂት ቀን ሲቆይ ይደርቅና ቅጠሉ ወለሉን ሲያለብሰው እናት መጥረጊያዋን ታነሳለች። ቄጠማውም እንደዚያው፤ ጠውልጎ ተጠርጎ ይወጣል። የመርካቶው ፕላስቲክ ግን አይጠወልግም፤ አይረግፍም። ቀን የሚቆርጥለት ሰው ይፈልጋል።

በከተራ ደግሞ ከተማው ሌላ ልብስ ይለብሳል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩ በየመንገዱ ይወጠራል። ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድ ከፊቱ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ወጣቶች አይታችኋል? ታቦቱ እንዳለፈ ከኋላ ጠቅልለው፣ ተሸክመው፣ እየሮጡ እንደገና ከፊት ያነጥፉታል። ማንሳቱን ከማንጠፉ እኩል ያውቁበታል። በዚያ መሐል ከባንኩ በር ላይ የፕላስቲክ አጋዘን ሲብለጨለጭ ሳይ፣ እንግዳ ሳይሸኝ ሌላ እንግዳ የገባበት ቤት ይመስለኛል።

ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ዘመዶቻችን ችግራቸው የተገላቢጦሽ ነው። ጎረቤት ዛፉን ለቆሻሻ መኪና ደጅ ሲያወጣ የእነሱ ገና ግን ገና ነው። እውነተኛ ዛፍ የገዛ ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 7 ውኃ ካላጠጣው ይደርቅበታል፤ በደረቅ ዛፍ ላይ መብራት ማብራት እሳት መጥራት ነው። እዚያ ላሉት የእኔ የከተራ ሐሳብ አይሠራም፤ በገና ማግስት ያውጡት።

ለዚህ አገር ግን ከከተራ እንዳያልፍ እላለሁ። ሆቴሎችና ባንኮች ለማስዋቢያው በጀት ሲይዙ የሚያወርድ ሰውም ይመድቡ። ለእትዬም ይህንኑ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ዛፉን አነሳዋለሁ፤ መብራቱን ግን መስኮቱ ላይ አስቀረዋለሁ» አሉኝ። ለዘንድሮ ተስማምተናል።