ባላገሩ አልዋሸም



ለጥናት ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የወጡ ተማሪዎች በተመለሱ ቁጥር አንድ ዐይነት ስሞታ እንሰማለን። «ባላገሩ እውነቱን አይናገርም፤ ትናንት አምስት ያለውን ዛሬ ሦስት ይላል፤ እሺ ብሎም ይቀራል» ይባላል። ስሞታው በምግብ አዳራሽ ይጀመርና በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ «የመላሾች ግልጽ አለመሆን» የሚል የማዕርግ ስም ይሰጠዋል። እኛ ይህን ስሞታ አንቀበልም። ባላገሩ የመለሰው የሰማውን ነው። የሰማውም ቃላችንን ብቻ አይደለም፤ ማን እንደ ሆንን፣ ምን እንደ ያዝን፣ ከማን ጋር እንደ መጣን ጭምር ነው።

«ስንት ከብት አለዎት?» የሚለውን ጥያቄ እንውሰድ። ለጋብቻ የመጡ ሽማግሌዎች ቢጠይቁት «ልጃችን ምን ዐይነት ቤት ትገባለች?» ማለታቸው ነው። ግብር ተማኝ ቢጠይቀው «ምን ያህል እናስከፍልህ?» ማለቱ ነው። እርዳታ አዳይ ቢጠይቀው «ከችግረኞች መዝገብ እናግባህ ወይስ እንተውህ?» ማለቱ ነው። አራተኛው የኛ ተማሪ ነው። ቦርሳ አንግቶ፣ ወረቀት ይዞ፣ የቀበሌው ሹም እየመራው ደጃፍ ይቆማል። ታዲያ ባላገሩ ከፊተኞቹ ከማንኛው ይመድበው? ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ዳባት ወረዳ ከደረሰ ወዲህማ «በቤት ስንት ወንዶች አሉ?» የሚለው ጥያቄ የቤተ ሰብ ቁጥር ብቻ መስሎ ሊሰማ አይችልም። ይህን ሳያስቡ ጠይቆ መልሱን ውሸት ማለት ግፍ ነው።

የዳባት ሰው ለጥያቄ እንግዳም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው የጤናና የሕዝብ ክትትል ጥናት ልደቱን፣ ሞቱንና ፍልሰቱን ሲመዘግብ ኖሯል። ጠያቂን ከጠያቂ መለየት ከኛ ይልቅ እሱ ያውቅበታል።

የዕለት ንግግሩንም እንመልከት። ተማሪው ሰላምታውን ሳይጨርስ «ሰሞኑን ታመው ነበር?» ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» የሚል መልስ ያገኛል። ይህ ግን የሰላምታው ምላሽ ነው፤ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰውም ይለዋል። ተማሪው «አልታመመም» ብሎ ምልክት ያደርጋል። «ልቤን አመመኝ» የሚል ሰውም ጨጓራውን፣ ደረቱን ወይም ኀዘኑን ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ «እግሬን» የሚልም ከጭኑ እስከ ጣቱ ነው። እጁን ወዴት እንዳደረገ ያላየ ጸሐፊ ቃሉን ጻፈ እንጂ በሽታውን አልጻፈም። በሊማሊሞ ቁልቁለት ለደከመ መንገደኛ «ቅርብ ነው» የሚለውስ? ርቀቱን መለካቱ ሳይሆን ጉልበቱን ማበርታቱ ነው። ሰዓቱን ይዞ የሚከራከረው ሞኝ መንገደኛ ብቻ ነው።

የሁሉም ከባዱ «እሺ» ነው። «እሺ፣ ነገ» እምቢታ መሆኑን በአገራችን ያላወቀ ሕፃን የለም። በሹም ፊት የተባለ «እሺ» «ሰምቻለሁ» ወይም «እንግዳ አላሳፍርም» ማለት ሊሆን ይችላል። ነገሩን ቀላል የሚያደርግ ካለ ግጭን ያስታውስ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀዬውን ለቅቆ ወደ ደባርቅ ሰፍሯል። እንዲህ ባለ ጉዳይ፣ ማን ፊት እንደ ተባለና «እሺ» ባይሉ ምን ይከተል እንደ ነበር ያልተጻፈበት «እሺ» መስማማትን አያስረዳም፤ አለመስማማትንም አያስረዳም። ቤትና ማሳ ግን በዚህች ቃል ይሄዳል።

አንዳንድ ሊቃውንት መልሱን ከሰምና ወርቅ ይፈልጉታል። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የአማራን ባህል በዚሁ ስም ከጠራ ወዲህ፣ ያልገባቸውን ሁሉ ቅኔ ማለት ለብዙዎች ቀላል ሆኗል። ቅኔ የታሰበበት ጥበብ ነው፤ ባለቅኔው ወርቁን ሆን ብሎ ይሸሽገዋል። «ደኅና ነኝ» ባዩ ግን የሸሸገው ነገር የለም። ትርጉሙ በቤቱ ውስጥ ላለው ሁሉ የተገለጠ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፖል ግራይስ እ.ኤ.አ. በ1967 በሃርቫርድ ባሰማው ትምህርት የተባለውንና ሊባል የተፈለገውን ለይቶ አሳይቷል፤ ይኸው ሕግ በለንደን ቡና ቤትም ይሠራል። ባላገሩን ብቻ «ድብቅ» የሚያሰኘው ምንድን ነው?

«ሁሉ ነገር እንደ ሁኔታው ከሆነ ሳይንስ የት አለ?» የሚሉን መምህራን አሉ። የምንመልሰው ከራሳቸው ትምህርት ነው። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ደባርቅ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 ገደማ ላይ ነው። ውኃው ዋሸ የሚል ፊዚከኛ የለም። ከፍታውን ሳይመዘግብ ሙቀቱን ብቻ የጻፈ ተማሪ ይወድቃል። ታዲያ ቦታውን፣ ጠያቂውንና አዳማጩን ሳይመዘግብ «እሺ»ን ብቻ የጻፈው ለምን ያልፋል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። በእያንዳንዱ የመጠይቅ ወረቀት ላይ ማን እንደ ጠየቀ፣ ማን አብሮ ተቀምጦ እንደ ነበር፣ ከዚያ በፊት ምን እንደ ተባለ የሚጻፍበት ቦታ ይኑር። ከእንግሊዝኛ የተመለሰ መጠይቅ ከመታተሙ በፊት ለአካባቢው ሰዎች ይነበብና «ይህን ብትጠየቁ ምን ማለት ይመስላችኋል?» ይባሉ። መምህራን ተማሪውን በሞላው ወረቀት ብዛት መመዘናቸውን ያቁሙ። እኛም ተማሪዎች የቀበሌውን ሹም ከደጅ እናሰናብት፤ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው እናድርስ፤ ቡናው ከቀረበም እስከ ሦስተኛው እንቆይ።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልከው ነበር። ዛሬ በሦስት ቀን ሁለት መቶ ቤት አዳርሰን እንመለሳለን፤ ተመልሰንም ሕዝቡን ሐሰተኛ እንላለን። ለመስማት ጊዜ ያልሰጠ ሰው ተናጋሪውን የመክሰስ መብት የለውም።